ስድብን የከለከለ አዋጅ፣ ስም የሚፈልግ ማኅበር

አጤ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው በ1900 ዓ.ም. ያስነገሩት አዋጅ አጭር ነው፤ ጮክ ብሎ ለሚያነበው ከጥቂት ደቂቃ አያልፍም። ብዙ ጊዜ የሚነሣው ንጉሠ ነገሥቱ ለሥልጣኔ የነበራቸውን ፍላጎት ለማሳየት ነው፤ ከባቡሩ፣ ከስልኩና ከባንኩ ጋር ተደርድሮ። እንዲህ ሲነሣ ዋናው ነገሩ ይረሳል። አዋጁ የተጻፈው ስለ ስም ነው። ሰው በምን ይጠራል፣ ስሙን ማን ያወጣለታል፣ ስሙ ሲጎዳውስ ማን ይቆምለታል የሚሉትን ጥያቄዎች ከእሱ በፊት እንዲህ ፊት ለፊት የገጠመ የቤተ መንግሥት ጽሑፍ አላውቅም።

አዋጁን ዛሬ የማነበው ከአዲስ አበባ፣ ከጉለሌ ሆኜ ነው። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑበት እንጦጦ ማርያም እዚሁ ነው። ከተራራው ወረድ ሲሉ ሽሮ ሜዳ አለ፤ ከጋሞ ደጋ የመጡ የዶርዜ ሸማኔዎች ጥለትና ጥበብ የሚሠሩበት፣ የአገር ልብስ ፈላጊ ሁሉ የሚወጣበት ሰፈር። ቀጨኔ ደግሞ የጀበናው፣ የምጣዱና የድስቱ መገኛ ነው። አዋጁ በየሙያቸው የጠራቸው ሰዎች የልጅ ልጆች ዛሬም እዚህ ይኖራሉ፤ ብዙዎቹም እዚያው ሙያ ላይ ናቸው። በእነዚህ ሰፈሮች ለጎልማሶች ማንበብና መጻፍ የሚያስተምር፣ አብሮም ባለሙያው በጎረቤቱ ዘንድ እኩል እንዲታይ የሚሟገት ማኅበር ላቋቁም ብሎ የተነሣ ሰው፣ ገንዘብ ከመፈለጉ በፊት የሚገጥመው ጥያቄ የስም ነው። ስሙ የሚመጣውን ሰው አንገት የሚያስደፋ ከሆነ ሰውየው አይመጣም። ትምህርቱ ነጻ ቢሆንም፣ መምህሩ ደግ ቢሆንም አይመጣም። ስለዚህ ስም ለማውጣት ለተቀመጡ ሰዎች ከዚህ አዋጅ የተሻለ መማሪያ የለም እላለሁ፤ በተሳካለትም ባልተሳካለትም።

አዋጁ የሚጀምረው ስድቦቹን በመዘርዘር ነው። ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ጸሐፊው፣ የቤተ ክርስቲያን አገልጋዩ፣ ገበሬው፣ ነጋዴው፤ እያንዳንዳቸውን ሕዝቡ በምን ስም እንደሚያዋርዳቸው ይናገራል። ክርክሩ ከዚያ ይቀጥላል። ሰው ሁሉ የአዳምና የሔዋን ልጅ ነው፣ ሌላ ሁለተኛ ፍጥረት የለም ይላል። በፈረንጅ አገር አዲስ ነገር የሠራ ይመሰገናል፤ እኛ ዘንድ ግን ሰነፉ ብልሁን ይሰድባል፤ እንዲህ ከሆነ አገሪቱ ሠራተኛ አጥታ ባዶዋን ልትቀር ነው ይላል። መዝጊያው ፍርድ ነው። ሠራተኛን የሰደበ ንጉሡን እንደሰደበ ይቆጠራል፤ ደግሞ ሲሳደብ የተገኘ አንድ ዓመት ይታሰራል፤ አስሮ ማስቀመጥ የቸገረው ሹም ወደ ንጉሡ ይስደድ።

ከዝርዝሩ ሁሉ የሚያስቆመኝ ጸሐፊው ነው። የሚጽፍ ሰው ጠንቋይ እየተባለ ይሰደብ ነበር። ዛሬ ማንበብና መጻፍ የክብር ምልክት በሆነበት ዘመን ይህ እንግዳ ይመስላል፤ የዚያን ጊዜውን ኑሮ ለሚያውቅ ግን አይደንቅም። ዳዊት መድገም ያስከብር ነበር፤ መጻፍ ግን የእጅ ሥራ ነበር። ብራናውን የሚፍቅ፣ ቀለሙን የሚበጠብጥ፣ ብዕሩን የሚቀርጽ ሰው ከአፈርና ከብረት ጋር ከሚታገለው ባለሙያ ብዙ አይርቅም፤ ክታብ የሚጽፍ እጅ ደግሞ ይፈራል። እናም ብዕር የያዘው እጅ መዶሻና መወርወሪያ ከያዙት እጆች ጋር በአንድ ረድፍ ተሰደበ። አዋጁም በአንድ ረድፍ ተከላከለላቸው።

ስለዚህ ፊደል ማስተማርና ስለ እኩልነት መሟገት በግድ የተጋቡ ሁለት ዓላማዎች አይደሉም። ብዙ ጊዜ ስም አውጪዎች ሁለቱን በ«እና» ያገናኙና ረጅም የመሥሪያ ቤት ስም ይሠራሉ፤ ሲነገር የሚያደክም፣ ማኅተም ላይ የማይገባ። ከዚህ አገር ታሪክ አንጻር ግን ሁለቱን የሚያገናኝ ነገር አስቀድሞ አለ፤ እጅ ነው። የጻፈውም የሠራውም እጅ በአንድ ዓይነት ንቀት ተንቋል።

ወደ አዋጁ ጉድለቶች ልግባ። የመጀመሪያው ከአቀራረቡ የሚመጣ ነው። አዋጁ ስድብን ሊያጠፋ ስድቦቹን አንድ በአንድ ጻፈ፤ በመጻፉም አቆያቸው። ያኔ ሸማኔውን ያሸማቅቅ የነበረው ቃል ዛሬ በገበያ አይሰማም፤ የሚገኘው በከለከለው ወረቀት ላይ ነው። ይህ ለሕግ የግድ ሊሆን ይችላል፤ የተከለከለውን ሳይጠሩ መከልከል አይቻልም። ለማኅበር ስም ግን ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው። «የተገለሉ»፣ «የተናቁ»፣ «ያልተማሩ» የሚሉ ቃላት በስም ውስጥ ሲገቡ ከበጎ አሳብ ነው። ነገር ግን ደጃፍ ላይ ተሰቅለው፣ መታወቂያ ላይ ታትመው፣ በየስብሰባው ተጠርተው ሰውን ከጉድለቱ ጋር ያስራሉ። ማንበብ የቻለችው ሴት ነገ «ያልተማሩ» ከሚል ሰሌዳ ሥር ምን ታደርጋለች?

ሁለተኛው ጉድለት ክርክሩ ላይ ነው። የአዳምና የሔዋኑ አሳብ ጠንካራ ነው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚጋራው ስለሆነ በዚያ ዘመን ሊነገር ከሚችለው ሁሉ ሰፊው የእኩልነት መሠረት ነበር። ዛሬ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ማኅበራዊ አመጣጥ ሳይለይ ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ሲባል ያው አሳብ በሌላ ልብስ መጣ ማለት ይቻላል። ግን አዋጁ እዚያ ላይ አልቆመም። ወዲያው ወደ ጥቅም ዞረ፦ አክብሯቸው፣ አለዚያ አገር ባዶ ትሆናለች። ይህ ለጊዜው ያሳምናል፤ ባለሙያውን ግን የሚያስከብረው በሚሰጠው ዕቃ ልክ ነው። እጁ የደከመ ሸማኔ፣ የፋብሪካ ድስት ገበያዋን የወሰደባት ሸክላ ሠሪስ? ክብራቸው ከሸቀጡ ጋር ይረክስ? «ሁለተኛ ፍጥረት የለም» የሚለው ክርክር ብቻውን ይበቃ ነበር።

ሦስተኛው ለቀጨኔ በጣም ቅርብ ነው። የአዋጁ ሠራተኛ ወንድ ነው፤ የሚሠራው፣ የሚጽፈው፣ የሚነግደው ሁሉ እሱ ነው። የዘመኑ አነጋገር ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ነገር ግን የሸክላ ሥራ የሴት ሥራ ነው፤ የስድቡም ክፉ ዕጣ ከሁሉ የበዛው በእሷ ላይ ነበር። ቀጨኔ ሄዶ ሥራዋን ያየ ይህን ይረዳል። የሚሽከረከር መንኮራኩር የላትም። አፈሩን ነፍታ፣ ለውሳ፣ በመዳፏ ደብድባ ታለሰልሰዋለች። ከሥር ጀምራ እየጨመረች ታሳድገዋለች፤ የጀበናውን አንገት በጣቶቿ መሀል ይዛ ታቀጥነዋለች፤ ጠንከር ሲል በለስላሳ ድንጋይ ትወለውለዋለች። ቃጠሎው ሜዳ ላይ ነው፤ ቅጠልና እንጨት ይጫንበታል፣ ጢሱ ዓይን ያስለቅሳል። አንዱ ቢሰነጠቅ የዚያ ሁሉ ድካም ስብርባሪ ይሆናል። የተረፈው ገበያ ይወጣል፤ ላዩ ላይ ግን የሠሪዋ ስም የለም። ሰው በየቤቱ ቡናውን የሚያፈላበት ዕቃ ማን እንደሠራው ሳይታወቅ ይኖራል፤ ሠሪዋ ራሷ ግን በሰፈሩ ቡዳ ትባላለች፣ ዓይኗ ይፈራል፣ ልጇን ለጋብቻ የሚጠይቅ ይጠፋል። ይህ ከስድብ የጠለቀ ፍርሃት ነው፤ የአንድ ዓመት እስራት አይደርስበትም። ማኅበሩ ፊደል ሲያስተምር ከሚያደርጋቸው ታላላቅ ነገሮች አንዱ ይህች ሴት ጀበናው ሳይደርቅ ከሥሩ ስሟን እንድትጽፍ ማስቻል ነው። ይህን ስል የምሬን ነው፤ ስለ ስም የምናወራ ከሆነ ከዚህ የሚቀድም ስም የለም።

አዋጁ ስለ መሬትም ዝም ይላል። በሰሜኑ ብዙ ቦታ ባለሙያው የተናቀው በሥራው ብቻ ሳይሆን ርስት ስላልነበረውም ነው። በቤተ እስራኤል ታሪክ ይህ ግልጽ ነው፤ ርስት የተነፈገ ሕዝብ በብረት፣ በሸክላና በሽመና እየኖረ፣ በኖረበት ሙያ ተሰደበ። ቀጨኔ ውስጥም ራሳቸውን ከዚያ ታሪክ ጋር የሚያያይዙ ቤተሰቦች አሉ። ቃሉን ከአፍ ከልክሎ የቃሉን ሥር በመሬት ውስጥ መተው ግማሽ ሥራ ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ግን የመጨረሻው ነው። እሱን የሰደበ እኔን ሰደበ ማለት፣ ንጉሠ ነገሥት ራሱን በቀጥቃጭ ቦታ ማቆሙ፣ ስሜት የሚነካ ቃል ነው፤ ዛሬም ሳነበው ይነካኛል። ከአንድ ንጉሥ ለአንድ ሸማኔ ከዚህ የሚበልጥ ጋሻ ሊሰጥ አይችልም። ሆኖም ጋሻው የሰጪው ነው። ምኒልክ በ1902 ዓ.ም. በጽኑ ታመሙ፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ስድቡን የሚቀበልለት ንጉሥ ሲያልፍ ሸማኔው ወደ ቦታው ተመለሰ። አዋጁ ክፉውን ስም ከለከለ፤ በክፉው ፈንታ ባለሙያው ራሱን በምን ሊጠራ እንደሚወድ አልጠየቀም። በዚያ ዘመን መጠየቅ አይታሰብም ይባል ይሆናል። እውነት ነው። የኛ ዘመን ማኅበር ግን ይህን ምክንያት ሊያቀርብ አይችልም።

በህንድ የሆነው ነገር እዚህ ላይ ይረዳናል። ጋንዲ ከመደብ ውጪ ተጥለው አይነኬ ይባሉ የነበሩትን ሰዎች «ሃሪጃን»፣ የእግዚአብሔር ልጆች፣ እያሉ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ስሙን አሰራጩት። ከዚህ የሚጥም ስም ማን ያወጣል? ከዚያው ወገን የተወለዱት አምበድካር ግን አልተቀበሉትም። ኋላ ሕዝቡ የመረጠው «ዳሊት» የሚለውን፣ የተሰበረ የተደቆሰ ማለት የሆነውን ቃል ነው። ጣፋጩን ጥሎ መራራውን ያዘ፤ ጣፋጩ የተሰጠው፣ መራራው የራሱ ምርጫ ነበርና። ይህ ከላይ ስለ «ተገለሉ» እና «ተናቁ» ያልሁትን ያጠራዋል። ጉድለትን የሚጠራ ስም ከውጪ ሲመጣ ይጎዳል፤ የሚጠራበት ሰው ራሱ ሲያነሣው ግን ትግል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የቀጨኔና የሽሮ ሜዳ ሰዎች ተሰብስበው «ባለእጅ» የሚለውን፣ አንዴ ማክበሪያ አንዴ መናቂያ የሆነውን ቃል፣ የማኅበራችን ስም ይሁን ቢሉ ሌላ ማንንም አያገባውም። ሌላ ሰው ለእነሱ አስቦ ቢያወጣው ግን የምኒልክን ስህተት መድገም ነው፤ ያውም የምኒልክ ሥልጣን ሳይኖር።

በአገራችን የተቋማት ስሞች ውስጥም የሚማሩባቸው አሉ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ለራሱ ያወጣው ስም ጥሩ ነበር፤ መሠረት ሁሉም ቤት የሚያስፈልገው ነገር ነው። ዘመቻው በ15 የአገር ቋንቋዎች፣ ሁሉንም በግዕዝ ፊደል እየጻፈ አስተማረ፤ በ1980 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ሽልማትም አገኘ። ነገር ግን የዘመኑ መፈክር የጠላትን ስም «መሃይምነት» አለው፤ በየቀበሌው የተቀመጡት እናቶችና አባቶችም እንዲጠፋ የታወጀበት ነገር ተሸካሚ ሆነው ተቀመጡ። ብዙዎቹ ፊደሉን ወደዱት፣ ቃሉን ግን አልወደዱትም። ኋላ የመጣው «ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት» የሚለው ስም ከዚህ ነጻ ነው፤ ማንንም አያሳፍርም። ማንንም ግን አይጠራም፤ የእቅድ ሰነድ ይመስላል።

በእንጦጦ ግርጌ የቀድሞ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ያቋቋሙት ማኅበር ሌላ ነገር ያሳያል። ቅጠልና እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው ከተራራው ሲወርዱ የነበሩ ሴቶች በሽመና መተዳደር ጀመሩ፤ በስማቸውም «የቀድሞ» የምትለውን ቃል አኖሩ። ቃሏ የወጡበትን ታሪክ ትመሰክራለች፤ ለመጀመሪያዎቹ ኩራት ናት። ሸክም ተሸክማ ለማታውቀው ልጃቸው ግን ስሙ የእናቷን ጀርባ እየጠራ ይቀጥላል። በሌላ በኩል ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1972 ዓ.ም. የጀመሩት ሥራ የሕፃናት ክብካቤና ልማት ማኅበር ተባለ፤ ወላጅ አጥተው የመጡት ልጆች በስሙ ውስጥ ሕፃናት ናቸው፣ ሌላ ቅጥያ የለባቸውም። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ብባል የኋለኛውን እመርጣለሁ፤ የመጀመሪያውን ግን የሚነቅፍ ሰው ከሴቶቹ መሀል መምጣት አለበት።

አሁን «ጉለሌ» የሚለውን በስም ውስጥ ስለ ማስገባት። ቀላል ይመስላል፤ ሰፈር ሁሉንም ይይዛልና። ግን ጉለሌ ከተማው ከመቆርቆሩ በፊት በዚህ ምድር ይኖር የነበረ የቱለማ ኦሮሞ ጎሳ ስም ነው። ከ1879 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ አበባ ስትሰፋ ባለመሬቶቹ እየተገፉ ስማቸው ብቻ በቦታው ቀረ። ስለ እኩልነት የቆመ ማኅበር ይህን ስም ቢይዝ መልካም ነው፤ የያዘውን እያወቀ ከሆነ፣ ኦሮምኛ ተናጋሪ ጎረቤቱ በስብሰባው ላይ በቋንቋው መናገር ከቻለ። አለዚያ ስም ወስዶ ባለስሙን መተው ይሆናል፤ ይህ ደግሞ በከተማችን አዲስ ነገር አይደለም።

የግዕዝ ቃል ደራርቦ ስም ማውጣት የሚወዱም አሉ። እኔም የግዕዙን ውበት እወዳለሁ። ቢሆንም ፊደል ለመቁጠር የመጣ ሰው የትምህርት ቤቱን ስም ሳይገባው ቢገባ፣ ሙስሊም ጎረቤቱም የቤተ ክርስቲያን ማኅበር መስሎት ቢያልፍ፣ ውበቱ ለማን ሆነ? በጋሞኛ አፉን የፈታ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ፣ ኦሮምኛ የሚናገር የሱሉልታ መንገድ ነጋዴ፣ ጉራጊኛ የሚናገር ባለሱቅ ሳይሰናከሉ የሚጠሩት አጭር ስም ይሻላል። ለእኔ «እጅና ፊደል» የሚመስል ነገር ይቀርባል፤ ከአዋጁ ዝርዝር ውስጥ ጸሐፊውንና ቀጥቃጩን አንድ ላይ ያወጣልና፣ ሴት ወንድ አይለይምና። ምርጫው ግን የእኔ መሆን የለበትም፤ የአስተባባሪውም፣ የገንዘብ ሰጪውም።

ሕጉም ለዚህ ቦታ አለው። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የሚመዘገብ ድርጅት ስሙን ሲያቀርብ የሚታየው ከሌላ ድርጅት ስም ጋር እንዳይመሳሰልና ከሕግና ከሞራል ጋር እንዳይጋጭ ነው፤ የቀረውን ለመሥራቾቹ ትቶታል። ስለዚህ ማኅበሩ መጀመሪያ በጊዜያዊ ስም ማስተማር ይጀምር። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ማንበብ ሲችሉ የቀረቡት ስሞች በትልቁ ተጽፈው ይሰቀሉ፤ ሸክላ ሠሪዋና ሸማኔው ራሳቸው አንብበው፣ ተከራክረው፣ በእጃቸው ጽፈው ይምረጡ፤ ከዚያ ወደ ምዝገባ ይኬድ። በመተዳደሪያ ደንቡም አንድ አንቀጽ ይግባ፦ ስሙ ያሳፈረው አባል በጠቅላላ ጉባኤ ፊት ቆሞ እንዲለወጥ የመጠየቅ መብት አለው፤ ጉባኤውም ሰምቶ ድምፅ ሳይሰጥበት ወደ ሌላ አጀንዳ አያልፍም።